ከሣሩ ሥር የነበረው ስሜ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ አልተናገርኩም፤ ለልጄም አልነገርኳትም። የግቢያችን ሰዎች ግማሹን ያውቃሉ። ባለፈው ግንቦት ልደታ በሁሉም ፊት ቆሜ ነግሬያቸዋለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። እንግዲህ ዛሬ ነፍስ አባቴ እናንተ ናችሁ።

ስሜ ታደሰ ነው። ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ግራውንድ ላይ እኖራለሁ። በራፌ ላይ ብትቆሙ ፊት ለፊታችሁ የምታዩት ሣር የእኔ ሥራ ነው። በኑዛዜ መካከል ፉከራ ነውር ነው ካላችሁ ነውሩን እቀበላለሁ፤ ግን ሣሩን ሳላወድስ ማለፍ አልችልም። ከሰንጋ ተራ ድረስ እየመጡ ያዩታል። ሙሽሮች ፎቶ እንነሣበት ብለው ኮሚቴውን ያስፈቅዳሉ። ጠዋት ጤዛ ሲይዝ በባዶ እግሬ እሄድበታለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ ያስቀኛል።

ይህን ሣር ከፍርስራሽ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፍርስራሹን የቀበርኩትም እኔ ነኝ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው የመጀመሪያውን ዶማ ያነሣሁት ለምን እንደነበር ነው።

ወደ አሥራ ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ግቢው ሲሠራ ፎርማኑ እኔ ነበርኩ። ካፖ ታደሰ ይሉኝ ነበር። ሠራተኛው በጩኸቴ ይነሣል፣ በጩኸቴ ይቀመጣል። አምስቱን ብሎኮች ጨርሰን መካከሉ ቀረ። እዚያ መካከል ምን ያልነበረ አለ? ከፈረሱት የጭቃ ቤቶች የተረፈ የመሠረት ድንጋይ፣ ስባሪ ብሎኬት፣ ዝናብ መትቶት ከነከረጢቱ የደረቀ ሲሚንቶ፣ የተጣመመ ፌሮ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ተከምሮበታል። መደረግ ያለበት ግልጽ ነበር። ፍርስራሹ ተጭኖ ይወጣል፣ ጥቁር አፈር ይገባል፣ ከዚያ ሣርና ዛፍ ይተከላል።

ርክክቡ አንድ ሳምንት ሲቀረው ገልባጭ መኪኖቹ ወደ ሌላ ሳይት ተወሰዱ። ይመለሱልኝ ማለት እችል ነበር። ርክክቡ ትንሽ ይዘግይ ማለትም እችል ነበር። አላልኩም። በቀኑ ያስረከበ ፎርማን መባል አማረኝ። ፍርስራሹን በዶዘር አስደለደልኩት፤ በላዩ አንድ ስንዝር ቀይ አፈር አለበስኩት፤ በአፈሩ ላይ ከሌላ ቦታ ከነሥሩ ተነቅሎ የመጣ ሣር አነጠፍኩበት። ጠዋትና ማታ ውኃ አስጠጣሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሠራተኞቹ ያያሉ፤ ግን የቀን ሠራተኛ ካፖውን ምን ብሎ ይናገረዋል? በርክክቡ ቀን እንግዶቹ ሣሩ ላይ ቆመው አጨበጨቡ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከፍርስራሹ ጋር አንድ ሌላ ነገር ቀብሬ ነበር። አርማታ ሲሞላ ለናሙና ኪዩብ ይወሰዳል። ኪዩብ ማለት የዳቦ ቁራጭ የምታህል አራት ማዕዘን አርማታ ናት፤ ጥንካሬዋ በላብራቶሪ ይፈተሻል። ሳትደርቅ የማን እንደሆነች በምስማር ይጻፍባታል። ሌላው ፎርማን ቁጥር ጽፎ ያልፋል። እኔ ግን ስሜን ከነአባቴ፣ በትልቁ እጽፍ ነበር። ከፈተና የተረፉትን አራቱን ከፍርስራሹ ጋር ቀበርኳቸው። ወንጀሉን ሲቀብር መታወቂያውን አብሮ የሚቀብር ሰው ታውቃላችሁ? እኔን እወቁኝ።

አሁን ስለ እትዬ አስካለ ልንገራችሁ፤ ከሁሉ በላይ የበደልኳቸው እሳቸውን ነውና። ከፈረሱት ቤቶች በአንዱ ዕድሜያቸውን የኖሩ ሴት ናቸው። ምትኩ እዚሁ ግቢ ውስጥ ግራውንድ ላይ ደርሷቸው፣ እስኪያልቅ ጌጃ ሰፈር ተከራይተው በየሳምንቱ እየመጡ ያዩት ነበር። በርክክቡ ሰሞን የወተት ዱቄት ጣሳ ታቅፈው መጡ። ጣሳው ውስጥ ከድሮው ግቢያቸው የነቀሉት ጤና አዳም ነበር።

“ልጄ፣ ይሄ አፈር ያበቅላል?” አሉኝ።

“ድንጋይም ቢተክሉበት ይበቅላል፣ እትዬ” አልኳቸው።

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁና መረቁኝ። ቦታውን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ። ጉድጓዱን የቆፈርኩላቸውም እኔ ነኝ። ዶማዬ አንድ ስንዝር ሳይወርድ ብሎኬት ነክቶ ሲጮህ ጆሮዬ ሰምቷል። እጄ ግን አልቆመም። ችግኙን አስገባሁ፣ አፈሩን መለስኩ፣ “ይጽደቅልዎ” አልኳቸው። እንደማይጸድቅ እያወቅሁ “ይጽደቅልዎ” አልኩ። እሱን ቃል ምን አመጣው? ዝም ብል ምን ነበረበት?

ከዚያ ሌላ ሳይት ሄድኩ፣ ሌላም አስረከብኩ፤ ረሳሁት። ዓመታት ሄዱ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ባለቤቴም አረፈች። አምና መስከረም ልጄ ሰላም ቤት ገዛችልኝ። ጉልበቴ ደረጃ እንደማይወድ ስለምታውቅ ግራውንድ ፈልጋ፣ የት እንደሆነ ሳትነግረኝ በመኪና ይዛኝ ሄደች። የፍርድ ቤት ፋይል በብብታቸው የያዙ ሰዎች ልደታ መንገድ ዳር ቆመው አየሁ። ምን ሆነው ይሆን እያልኩ አዘንኩላቸው። ሰላም አንድ የብረት በር ጋ ስትደርስ ክላክስ አደረገች። በሩን አወቅሁት። የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

“ቤቱ አሪፍ ነው አባዬ፤ ግቢው ብቻ ነው ትንሽ የተበላሸው” አለችኝ።

ትንሽ! ሣሩ የለም። ያን ስንዝር አፈር ክረምት በክረምት አጥቦ ወስዶታል። ብሎኬቱና ፌሮው ጥርሱን አውጥቶ ይስቅብኛል። ነዋሪውም ቆሻሻ ቦታ ነው ብሎ የተሰበረ ወንበሩንና የቆሸሸ ፍራሹን ጨምሮበታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ድሮም እሰማ ነበር፤ በራፌ ድረስ መጥቶ ይጠራል ያለኝ ግን አልነበረም።

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው በር የእትዬ አስካለ ነበር። አላወቁኝም። ያኔ ጎፈሬ ነበርኩ፣ በዚያ ላይ ሄልሜት አደርግ ነበር፤ አሁን ራሴ ሜዳ ሆኗል። “እንኳን ደህና መጣህ፣ ጎረቤት አገኘን” ብለው ዳቦ ይዘው መጡ። በላሁት።

በሳምንቱ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ የቃሪያ ችግኝ በጆንያ ይዛ መጣችና “እትዬ፣ በር እስክከፍት ይያዙልኝ” አለቻቸው። እጃቸውን በፍጥነት ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። “እኔ አልንካው ልጄ፤ እጄ ደርቋል” አሏት። ነገሩን ኋላ ላይ ለእኔም አጫወቱኝ። በድሮ ግቢያቸው ዱላ ቢሰኩ ይበቅልላቸው ነበር። እዚህ ሲመጡ መጀመሪያ ጤና አዳሙ ደረቀ። ከዚያ ኮክ ተከሉ፣ ደረቀ። ጌሾ ተከሉ፣ በሶብላ ዘሩ፤ አንዱም አልጸደቀም። ያን ጤና አዳም ከኖረበት ስነቅለው ነው እጄ የተረገመው ብለው ደመደሙ። ከዚያ ወዲህ የሰው ችግኝ አይነኩም። ጎረቤት ሲተክል ጥላቸው እንዳያርፍበት እንኳ ራቅ ብለው ይቆማሉ።

ይህን ሲነግሩኝ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። “እትዬ፣ እጅዎ አይደለም፣ ብሎኬቱ ነው” ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? አላልኩም። “የእግዜር ነገር” አልኩ። እኔ የሠራሁትን በእግዜር አሳበብኩ።

ኅዳር ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር አቶ ፍቃዱ ተነሡና ስለ ግንቦት ልደታ ተናገሩ። መቼም እንደምታውቁት ልደታ ቤት ውስጥ አትበላም። ንፍሮው ውጭ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ሁሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይበላል። እኛ ግን ልደታ እየኖርን ልደታን የምናከብረው መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በጎማና በጎማ መካከል ነበር። አቶ ፍቃዱ “ዘንድሮ ሠራተኛ ቀጥረን እስከ ታች እናስቆፍርና ለግንቦት በሣራችን ላይ እንቀመጥ” ሲሉ ቤቱ በደስታ ተናጋ። እኔ ብቻ በረድኩ። እስከ ታች ከተቆፈረ ኪዩቦቹ ይወጣሉ። ኪዩቦቹ ላይ ደግሞ እኔ ከነአባቴ አለሁ።

ተነሣሁ። “ምን ሠራተኛ ያስቀጥራል? እኔ በሙያው ያረጀሁ ሰው እያለሁ? ዶማ ስጡኝ፣ እኔ እጀምረዋለሁ” አልኩ። አጨበጨቡልኝ። በዚያች ቦታ ለሁለተኛ ጊዜ ተጨበጨበልኝ።

ያልተነገረው ግማሽ ይኸውላችሁ። ለሣሩ ብዬ አይደለም። ለእትዬ አስካለ ብዬ አይደለም። ንስሐም አልነበረም። የመጀመሪያውን ዶማ ያነሣሁት ሰው ሳያይ ስሜን ቆፍሬ ላጠፋ ነው። እኔ የቆፈርኩት እንደ ሌባ ነው።

የት እንደቀበርኳቸው አውቅ ስለነበር ከጋራ መገልገያው ቤት፣ ከኮሚዩናሉ ጀርባ ካለው ጥግ ጀመርኩ። ሰዉ ሥራ ሲሄድ እቆፍራለሁ። በሦስተኛው ቀን አራቱንም አገኘኋቸው። ሦስቱን በመዶሻ ፈጨኋቸው። አራተኛዋ ግን እምቢ አለች። ብመታት፣ ብመታት ጠርዟ ተሸረፈ እንጂ ስሜ ንክች አላለም። በሕይወቴ ሳላጭበረብር የሠራሁት ነገር ቢኖር አርማታ ነው፤ እሱም ጨክኖ ከዳኝ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኳት።

ሥራዬ አልቋል። በማግስቱ ወገቤን አመመኝ፣ ሠራተኛ ይቀጠር ብል ማን ይፈርድብኛል? ዶማዬን ላነሣ ወጣሁ። ኪዩቦቹ የነበሩበት ጉድጓድ ውስጥ ዓይኔ ወደቀ። ከሥር ጥቁር አፈር ብቅ ብሏል። የድሮው ሰፈር አፈር ነው፤ እነ እትዬ አስካለ ዱላ የሚያበቅሉበት። በእጄ ዘገንኩት። ርጥብ ነው። አንዲት የመሬት ትል መዳፌ ላይ ተልወሰወሰች። ያን ሁሉ ዓመት ያን ሁሉ ብሎኬት ተሸክሞ አፈሩ አልሞተም ነበር። እኔ ትልቅ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከዚያ ዶማውን አነሣሁ። ይህኛው ለሣሩ ነበር፤ በዚህ ግን እንድታመሰግኑኝ አልጠይቃችሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ ጓንት አድርጋ ወረደች። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከራቫቱን በትከሻው ጥሎ ባሬላ ተሸከመ፤ የአንዱን ጫፍ እሱ፣ የሌላውን ጫፍ አቶ ፍቃዱ። ዲጂኖ የማያውቅ ሰው ዲጂኖ መወርወር ለመደ። ፍርስራሹ በር አካባቢ ተራራ አከለ። ገልባጭ መኪኖቹ ሲመጡ እያንዳንዷ እስክትሞላ አጠገቧ ቆምኩ፤ የመጨረሻዋ ጭኗን ይዛ ከበሩ ስትወጣ ሰዉ ሁሉ እንደ ሙሽራ ሸኛት። አፈሩን በወንፊት ነፋነው። ጌጃ ሰፈር ከብት ከሚያረባ ሰው ፍግ አምጥተን ቀላቀልንበት። መጋቢት ላይ ሰርዶ እየገነጠልን፣ ጎንበስ ብለን አንድ በአንድ ተከልን። የበልጉ ዝናብም አላሳፈረንም። ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። ጮህኩ። ሰዎች ምን ሆነ ብለው በየበረንዳው ወጡ፤ ሲያዩት እነሱም ጮሁ።

እትዬ አስካለ በዚህ ሁሉ ጊዜ ደረጃው ላይ የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር። “እዚያ ጋ ውኃ አልደረሰውም” ይላሉ፤ ልክ ናቸው። “ፍጉ በዝቷል፣ ያቃጥለዋል” ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ከሁላችንም በላይ ያውቃሉ። ግን አንድ ቀን አንዲት ሰርዶ አልነኩም። በየቀኑ አያቸው ነበር። ያን ሁሉ ወር በየቀኑ ዝም አልኩ። ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ውሸት ይልቅ ይህ ዝምታ ይከብደኛል፤ ያኔ ችኩል ፎርማን ነበርኩ፣ አሁን ግን ዳቧቸውን የበላሁ ጎረቤት ነኝ።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ንፍሮው በትልቁ ድስት ተንተከተከ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሰዉ ጫማውን እያወለቀ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሕፃናቱ ተንከባለሉ። አቶ ፍቃዱ “የግቢያችን አባት” ብለው ጋቢ አለበሱኝ። የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል ይባላል፤ እኔ ያን ጋቢ ለብሼ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ከሣሩ መካከል ለአንድ ተክል ቦታ ትተን ነበር። ሰላም ጤና አዳም ገዝታ አመጣች። “ከሁላችንም ታላቅ እትዬ አስካለ ናቸው፤ እሳቸው ይትከሉልን” ተባለ። እትዬ አስካለ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀበሩ።

“ተዉኝ ልጆቼ። ይሄን የመሰለ ሣር በእኔ እጅ ይበላሽ?” አሉና ከሣሩ ላይ ወርደው ሲሚንቶው ላይ ቆሙ።

ቆሜ ማየት አቃተኝ። ቤቴ ገባሁ፤ ከአልጋዬ ሥር ማዳበሪያውን ጎትቼ አወጣሁ። ኪዩቧን አምጥቼ እግራቸው አጠገብ አስቀመጥኳት። “አንብቡት” አልኩ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ፣ ችሎት ላይ እንደለመደው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስሜን ከነአባቴ አነበበ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የደለደልኩት እኔ ነኝ አልኩ። አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጤና አዳምዎን ብሎኬት ላይ የተከልኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅሁ ነው አልኩ። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች።  

እትዬ አስካለ የሚያዩት ወደ እኔ ሳይሆን እጃቸው ወደተደበቀበት ነጠላ ነበር።

“ታዲያ እጄስ?” አሉ።

“እጅዎ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር።”

ቀኝ እጃቸውን ከነጠላው አወጡ። ገልብጠው አዩት፣ መልሰው አዩት። “ደህና ነበር” አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ እዚያ ዳር ላለውም እንዲሰማ፣ “እጄ ደህና ነው እኮ!” አሉ። ጫማቸውን አወለቁ። ሣሩ ላይ ተራመዱ፣ መካከሉ ላይ ተንበረከኩ፣ አፈሩን በጣታቸው ከፍተው ጤና አዳሙን ተከሉ። ነርሷ እልልታውን ለቀቀችው፤ ግቢው ሁሉ ተቀበላት። እንደዚያ ያለ እልልታ በሠርግም ሰምቼ አላውቅም።

ጋቢውን አውልቄ ለአቶ ፍቃዱ ዘረጋሁ። ሰውየው መቀበሉም አለመቀበሉም ቸገራቸው። እትዬ አስካለ ቀና ብለው “ይልበሰው፣ ብርድ አለ። ከእሱ ጋር ገና ነን” አሉ። ከዚያ አፈር በነካ ጣታቸው ወደ ኪዩቧ ጠቆሙና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

“ድንጋይም ይበቅላል ብለኸኝ አልነበር? ይኸው በቀለ። አሁን ውኃ አጠጣው።”

ኪዩቧን ራሴ ተሸክሜ፣ በሳቸው ትእዛዝ፣ ከውኃው ቧንቧ አጠገብ ስሜን ወደ ላይ አድርጌ ተከልኳት። በየጠዋቱ ቧንቧውን ለመክፈት ስጎነበስ ስሜን አነበዋለሁ።

ጤና አዳሙ ጸደቀ። በክረምቱ ቁመቱ ጉልበቴ ደረሰ፤ እትዬ አስካለ እየቆረጡ ለአምስቱም ብሎኮች አደሉት። ኮክ ተክለዋል፤ ቅጠሉ እንደ ቅቤ ያበራል። አሁን በግቢያችን ማንም ሰው ችግኝ ገዝቶ ሲመጣ በቅድሚያ ወደ እሳቸው በር ይወስደዋል። “እስቲ ይንኩልኝ” ይላል። እሳቸውም እየተኩራሩ ይነኩለታል።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላውቅም። ሰዉ ግን “ታደሰ ጸጸቱ አላስተኛ ብሎት በገዛ ዶማው ቆፍሮ አወጣው” ይላል። ሲሉ እሰማለሁ፤ አላርማቸውም። እስከ ዛሬ ድረስ ያን ውሸት እንደ ጋቢው ለብሼው ኖርኩ።

ዛሬ ጠዋት የውኃውን ጎማ ይዤ ሣሩን ሳጠጣ እትዬ አስካለ ደረጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። “እትዬ፣ ያልነገርኩዎ የቀረ ነገር አለ” አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። “መጀመሪያ ውኃውን ጨርስ” አሉኝ።

ጨርሻለሁ። ጎማውን ጠቅልያለሁ፣ ይህንንም ጽፌያለሁ። እትዬ አስካለ አሁንም ወንበራቸው ላይ ናቸው። የመጀመሪያውን ዶማ ለምን እንዳነሣሁ ልነግራቸው እየሄድኩ ነው፤ በኋላ ስላለቀስኩት ለቅሶ ግን፣ ማማለጃ እንዳይመስልብኝ፣ አንድ ቃል አልናገርም።